ለላም ይሠራል

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከሂርማታ አካባቢ ካለ የቡና መጋዘን ተደወለ። ዘበኛው፣ አባባ የምንላቸው፣ ናቸው። «ዶክተር፣ ውሻው ሆዱ ተነፋ። ግማሽ ሊትር የኑግ ዘይት አጠጣሁት፣ አልተሻለውም።»

ውሻው ቶሳ ነው። ባጃጅ ስለማይበቃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ይህ ዝርያ በጃፓን የዛሬዋ ኮቺ ውስጥ ለውሻ ግጥሚያ የተራባ ነው፤ ሜዳ ላይ ድምፅ ያሰማ ስለሚሸነፍ ዝም የሚለው እየተመረጠ ቀረ። ለጥበቃ የሚገዙት ይህን ዝምታውን ይወዱለታል። ሲታመምም ግን ዝም ነው። ዘበኛው የነቁት ሊያስመልሰው ሲታገል ቆይቶ ነጭ አረፋ ብቻ ሲወጣው አይተው ነው።

ድዱ ገርጥቷል፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ አይመለስም። ሆዱ ሲመታ ከበሮ ነው። ጨጓራው ዞሯል።

«ለላም ይሠራል እኮ» አሉ አባባ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ላም ብትሆን እኛም እንሰጣት ነበር።»

የላም ሆድ በአረፋ ሲነፋ ዘይት አረፋውን ይሰብረዋል። ይሄኛው ግን መግቢያውም መውጫውም የታነቀ ጨጓራ ነው፤ የሚወርድበት ስለሌለ ዘይቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ሁለት ወፍራም ካኑላ፣ ፈሳሽ በደም ሥር መስጫ ቱቦ፣ ከፊት እግሮቹ ላይ ገባ። የኋላ እግር አይሆንም፤ ያበጠው ጨጓራ ከኋላ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን ደም ሥር ስለሚጫነው ፈሳሹ እዚያው ይቀራል። ክብደቱን በግምት መሥራት አላስፈለገም፤ በዚያው ሳምንት በቡና ሚዛን 59 ኪሎ፣ ሦስት ፈረሱላ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ተመዝኗል። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 1.3 ሊትር ሪንገር የተባለውን የጨው ፈሳሽ ወሰደ። ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ፣ ከበሮው ከሚጎላበት ቦታ ተላጭቶ ወፍራም 14 ጌጅ መርፌ ሲገባ እየፏጨ ተነፈሰ፤ ሽታውን ተዉት። በአፉ የሞከርነው ቱቦ አላልፍ ስላለ ሆዱ ተከፈተ። ጨጓራውን ወደ ቦታው መመለስ ብቻ አይበቃም፣ ከቀኝ የሆድ ግድግዳ ጋር ካልተሰፋ ነገ ተመልሶ ሊዞር ይችላል።

ጠዋት ሐጂ፣ ባለቤቱ፣ መጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ዘይቱ ነው አይደል?» ነበር። ዘበኛው መሬት መሬት አዩ።

ዘይቱ አልነበረም። ውሻው በቀን አንዴ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ኪሎ የሚሆን ምግብ ባንዴ ይበላና ወዲያው ግቢውን እንዲዞር ይለቀቃል። ሳህኑ ደግሞ አናጢ በሠራው ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ነው፤ ይህም ለትላልቅ ውሾች አይመከርም። አባባ ሁለት ጊዜ ይብላ ብለው ነበር። «ቀን የበላ ውሻ ሌሊት ይተኛል» ብለው የከለከሉት ሐጂ ናቸው። ይሄ ሁሉ ተነገራቸው። ዘይቱም ቢሆን ከጥፋት ነጻ አይደለም፤ ጥቂቱ ሳንባው ገብቶ ለቀናት አስሎታል። ሐጂ የያዙት ያችን ብቻ ነው።

አሁን በቀን ሦስቴ፣ በጣሳ ተለክቶ፣ መሬት ላይ ይበላል። ከምግብ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ሩጫ የለም።

በ14ኛው ቀን ስፌቱ ሲነቀል ሐጂ አብሯቸው ለመጣው ሰው ያወራሉ፦ «ዘበኛው ዘይት አጠጥቶ ሊገድልብኝ ነበር!» አባባ የውሻውን አንገት ይዘው ዝም አሉ። ሐጂ ስልክ ለማንሳት ሲወጡ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ለላም ግን ይሠራል፣ አይደል?»

«ይሠራል፣ አባባ።»