ሰኔና ሰኞ፣ የተሰበረ እጅና ጂም ብራዶክ

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ቀኝ እጄ ያመኛል። ከትንሿ ጣቴ ስር ያለችው አጥንት ናት፣ ልጅ እያለሁ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቦክስ ስንለማመድ የጀለሴን ግንባር መትቼ የሰበርኳት (ግንባር ድንጋይ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም)። ወጌሻ ጋ ተወሰድኩ፣ ታሸሁ፣ ታሰርኩ፣ አጥንቷ ጠማማ ሆና ገጠመች፣ የኔ የቦክስ ታሪክ በሦስት ወሩ እዛው አለቀ።

ያኔ አሰልጣኛችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሊያፅናኑኝ አጠገቤ ቁጭ ብለው "አንተ ልጅ፣ ግራህን አሳድግ፣ አንድ ቀኝ እጁ የተሰበረ አይሪሽ ነበር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ" አሉኝ። ስሙን ረስተውታል። ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልኩ ፈልጌ አገኘሁት፣ ጂም ብራዶክ ይባላል፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሰኔ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ለምን ሰኔ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሰውዬው በ1905 ("በእኛ" ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኒውዮርክ ሄልስ ኪችን የሚባል የድሃ ሰፈር የተወለደ የአይሪሽ ዘር ነው፣ ያደገው ግን ወንዙን ተሻግሮ ኒውጀርሲ ነው። ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ዋልተር ሲሆን ከሱ በፊት ጄምስ ጄ ኮርቤትና ጄምስ ጄ ጄፍሪስ የሚባሉ ሻምፒዮኖች ስለነበሩ እሱም ዋልተሩን ጥሎ "ጄምስ ጄ" ሆነ። አራዳ ነው ስላችሁ።

ቀኙ ከባድ ነበር። በ1929 ከከባድ ሚዛን አንድ ዝቅ ባለው ክብደት ለሻምፒዮንነት ከቶሚ ላውረን ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ፣ ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ነገር ቁልቁል ሆነ። ቀኝ እጁ ደጋግሞ ተሰበረ፣ መሸነፍ ልማድ ሆነበት፣ በ1933 እንደገና ሲሰበር ቦክሱን ተወው። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ስለዚህ ወደብ ሄዶ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ካቦው ፊት ተሰልፎ ይቆማል፣ ከተመረጠ ጭነት ያራግፋል፣ ካልተመረጠ ወደ ሌላ ወደብ በእግሩ። ፒያሳ ጠዋት አካፋቸውን ይዘው አንድ ሰው መኪና አቁሞ "አንተ፣ አንተና አንተ" እስኪላቸው የሚጠብቁትን ሰዎች ሳይ እሱን ነው የማስበው፣ በተለይ መኪናው ከሄደ በኋላ የቀሩትን።

አልሆን ሲለው የመንግስት እርዳታ ተቀበለ፣ በኋላ ሲያልፍለት ገንዘቡን መለሰ። ስለሱ የሚያወራ ሁሉ ይቺን ነው የሚወዳት፣ ጥሩ አይደለችም አላልኩም፣ ግን እኔን የምትገርመኝ ሌላ ናት፣ ግራ እጁ። ወደብ ላይ ቀኙ ስለሚያመው በግራው ነበር የሚሠራው፣ ድሮ ሪንግ ውስጥ ያን ያህል የማይጠቀምባት እጅ ሳያስበው ጠነከረች። ስፖርት ቤት ገብቶ አይደለም፣ ለልጆች ዳቦ ብሎ።

አሁን ሰኔው መጣ። ሰኔ 1934፣ በእኛ ሰኔ 7 ቀን 1926፣ ኮርን ግሪፈን ከሚባል ተስፋ የተጣለበት ልጅ ጋር የሚጋጠም ሰው በአስቸኳይ ተፈለገ፣ የብራዶክ ማናጀር ጆ ጉልድ እሱን አመጣው። ለዝግጅት ጊዜ የለም። ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሦስተኛው ላይ ግሪፈንን ጨረሰው። የዛን ምሽት ዋናው ፍልሚያ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ማክስ ቤር የሙሶሊኒ ኩራት የነበረውን ጣሊያናዊ ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን ደጋግሞ መሬት ላይ እየጣለ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ቀበቶውን የወሰደበት ነው።

ልክ በዓመቱ፣ በእኛ ሰኔ 6 ቀን 1927፣ ብራዶክ ያንኑ ቤርን ገጠመ። አቋማሪዎች ብራዶክ ይሸነፋል ብለው አስር ለአንድ ነበር የሰጡት። ቤር ጡጫው የሚያስፈራ ሰው ነው፣ በ1930 የመታው ፍራንኪ ካምቤል ሞቷል፣ ግን የዛን ቀን ሲያሾፍ፣ ተመልካች ሲያስቅ አመሸ፣ ብራዶክ ደግሞ ግራውን እየሰደደ ነጥብ በነጥብ ሲለቅም 15 ዙር አለቀና ሻምፒዮን ሆነ። እኛ ሰኔና ሰኞ ሲገጥም እንፈራለን፣ ለሱ ግን ሰኔ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ደግ ሆነለት።

ከዛ በ12 ቀን ሰኔ 18፣ ወጣቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ያንኑ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ በስድስተኛው ዙር ዘረረው። ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ ስድስት ወር ሆኖታል፣ ጣሊያን ሠራዊት እያጓጓዘች ነው፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ያንን ፍልሚያ ኢትዮጵያና ጣሊያን ብለው ነበር ያዩት። ጊዮርጊስ ጋ በምኒልክ ሐውልት ስር ሳልፍ ይሄ ትዝ ብሎኝ ለብቻዬ ፈገግ የምልበት ቀን አለ። ኒውዮርክ፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ሀርለም ውስጥ ስለኛ የጨፈረ ሰው ነበር እኮ።

ብራዶክ ቀበቶውን ለሁለት ዓመት አላስነካም፣ ስላልተጋጠመ። በመጨረሻ ከጀርመኑ ማክስ ሽሜሊንግ ጋር የነበረውን ውል ትቶ ሉዊስን መረጠ። ዕድሉን ለጥቁር ልጅ ሰጠ ብለው የሚያሞግሱት አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ጉልድ የተደራደረውንም እዩት፦ ፕሮሞተሩ ማይክ ጃኮብስ ከከባድ ሚዛን ፍልሚያዎች ከሚያገኘው ትርፍ 10 በመቶ ለ10 ዓመት። መርካቶ ያደገ ደላላ እንኳን እንዲህ አይዋዋልም። እንደሚሸነፍ እያወቀ ሽንፈቱን በጥሩ ዋጋ ሸጠ፣ እኔ በዚህ አልታዘበውም፣ ወደብ ላይ ቆሞ "አንተ አይደለህም" የተባለ ሰው ነው።

ግን ሊሸጥ ብቻ አልገባም። በእኛ ሰኔ 15 ቀን 1929 (በፈረንጅ 1937) ቺካጎ ላይ መጀመሪያ ዙር ሉዊስን ጣለው! ከዛ ተቀጠቀጠ፣ ጉልድ ፎጣ ልወርውር፣ ተሸንፈናል ልበል ቢል እምቢ አለ፣ ስምንተኛው ዙር ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ በ1938 ቶሚ ፋርን በነጥብ አሸንፎ አቆመ። በኋላ ኒውዮርክ የቬራዛኖ ድልድይ ሲሠራም ሠርቷል፣ በ1974 በ69 ዓመቱ ሞተ።

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ጋሼን አገኘኋቸው፣ ሽበታም ሆነዋል፣ ዝናብ ይዞን ሱቅ በር ላይ ተጠልለን ስለ ብራዶክ ስሙን፣ ሰኔውን፣ አስር በመቶውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና መዳፋቸውን ዘርግተው "እስቲ ግራህን" አሉኝ። መታሁ።

"አላሳደግከውም" አሉና ሽሮ ሜዳ ሽሮ ሜዳ እያለ ወደሚጮኸው ታክሲ ሮጡ።