የወዳጃ ማኅበራችንን ተልዕኮ እንዴት ጻፍነው

ወዳጃ በወሎ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት፣ መንዙማ የሚባልበት ሥርዓት ነው። የማኅበራችን ተልዕኮ ያለቀው በአምስተኛው ረቂቅ ነው። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ይሞላ ነበር፤ የመጨረሻው አሥራ ሰባት ቃል ነው፦ «በደሴ ዙሪያ የሚካሄደውን ወዳጃ፣ ዱዓውንና መንዙማውን፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሆነን እንመዘግባለን፤ ለወጣቶች እናስተምራለን፤ ያለ ስሙ ስም ሲሰጠውም እንሟገትለታለን።»

የመጀመሪያው ረቂቅ «ሁሉን አቀፍ መንፈሳዊ ልማትን በማረጋገጥ የኅብረተሰቡን ተጠቃሚነት ማጎልበት» ብሎ ይጀምር ነበር። የማኅበሩን ስም በአውራ ጣት ሸፍናችሁ አንብቡት፤ ለምንጭ ውኃ ኮሚቴም ይሆናል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱ አባል ሦስት መልስ በወረቀት ይዞ እንዲመጣ አደረግን፦ ምን እንሠራለን፣ ከማን ጋር፣ ምን አንሠራም። ከመልሶቹ ግሦቹን ብቻ ለቅመን ደረደርን። ዓመቱ ሲያልቅ በእጅ የሚያሳዩት ውጤት የሌለው ግስ ሁሉ ወደቀ። «እንመዘግባለን» ቅጂ አለው፣ «እናስተምራለን» የተማሪ ቁጥር አለው፣ «እንሟገታለን» የተጻፈ ደብዳቤ አለው። «ማበልጸግ» ምንም የለውም።

ብዙ ጊዜ የበላው «ጫት» የሚለው ቃል ነው። ይግባ ያሉት ሀድራ (የዱዓው ጉባኤ) ያለ ጫት የት አለ፣ መደበቅ ያስንቃል አሉ። እውነት አላቸው። ግን ቃሉ ተልዕኮው ውስጥ ከገባ አንባቢው ሌላውን አያየውም፤ ዱዓው ለመዝናናት ከሚቃምበት ከከተማው በርጫ ጋር ይቀላቀላል። በውጭ አገር ራእይ በሚያሳዩ ዕፆች፣ አያዋስካ በሚባል መጠጥና በእንጉዳይ፣ የሚጸልዩ ቡድኖችም ይኸው ፈተና አለባቸው። አሜሪካ ውስጥ አያዋስካ የሚጠጣ የብራዚል መነሻ ያለው እምነት እ.ኤ.አ. በ2006 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተፈረደለት በሃይማኖት ነጻነት ሕግ እንጂ መጠጡን በማወደስ አይደለም። የኛ ነገር ደግሞ በሕግ ይለያል፦ የጫት ቅጠል በዓለም አቀፍ የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ቁጥጥር ስምምነት ሥር አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አይቻልም። ጫቱን ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር ባለ ሁለት ገጹ ማብራሪያ ውስጥ በግልጽ ጻፍነው፤ ተልዕኮው ውስጥ ዱዓውን አስቀደምን።

«ፈውስ»ን ያለ ክርክር አወጣን። ሰው ሕመሙን ይዞ ወዳጃ ይመጣል፤ እኛ «እንፈውሳለን» ብለን ከጻፍን ግን አንዱ መድኃኒቱን አቋርጦ ሊቀመጥ ይችላል።

የቦታ ቃልም ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ረቂቅ «በኢትዮጵያ» ይል ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአገር ውስጥ ማኅበራት የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩትን ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ይመዘገባል። አንዲት ቃል አዲስ አበባ ድረስ ታመላልሳለች። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶችንም አይመለከትም፤ «እምነትን ማስፋፋት» የሚል ሐረግ ያለው ሰነድ ሌላ በር ይላካል። እኛ የምንሠራው ምዝገባና ትምህርት ስለሆነ ሐረጉ ድሮም ቦታው አልነበረም። «ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ» የሚለውንም ሰረዝነው፤ ወሎ ውስጥ ወዳጃ ላይ ክርስቲያኑም ይቀመጣል።

አራተኛውን ረቂቅ ለሸሆቹና ለእናቶች ያለ ወረቀት፣ በቃል ነገርናቸውና መልሳችሁ ንገሩን አልናቸው። ሲመልሱት የጠፋው ቃል ከረቂቁ ተሰረዘ። «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ማንም አልመለሰውም። «ከባለቤቶቹ ጋር ሆነን» የገባው እዚያው ነው፤ ዱዓ ላይ ሰው የልጁን ሕመም፣ የቤቱን ጠብ ያወጣል፣ ያን መቅዳት ደግሞ ነውር ነው። ሐረጉ ባይኖር መቅረጫው መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ቀጂው ይሆን ነበር። አሁን የሚወስኑት ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ናቸው፦ ድቤው ሲመታ ይበራል፣ ሰው ችግሩን ሲያወጣ ይጠፋል።