ለመናፈሻ አጥር ክትክታ ተከልኩ

የሰፈራችንን መናፈሻ ዳር ዳር እንድተክል ሲሰጠኝ ሁሉም የጠበቀው ዱራንታ ነበር። እኔ ክትክታ አልኩ። ገጠር ያደጉት አባቶች ሳቁ፤ «ማገዶ ልትተክልልን ነው?» አሉ። አልተሳሳቱም። ክትክታ በእርጥቡም ይነዳል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመሣሪያ እጀታም ይፈለጋል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ጠባዩ ነው፤ አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ በቀረበት ተዳፋት ላይ፣ በበጋው ፀሐይ፣ ቅጠሉ እንደለመለመ ይቆማል። ፍየልም ብዙ አይደፍረውም። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

በሌላው ዓለም እኮ የተከበረ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሱ ዶዶኒያ ቪስኮሳ የሚለው ይኸው ተክል ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነ ዓይነት አለው፤ ያ ዓይነት ከኒውዚላንድ ወጥቶ በየአገሩ ለጌጥ ይተከላል።

ችግኙን ያፈላሁት ከዘር ነው። ክንፍ ያላቸው ስስ ፍሬዎች ቀልተው ሲደርቁ ሰብስቤ በመዳፌ አሸሁና ጥቁሩን ዘር ለየሁ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ የዘሩ ልባስ ውኃ አያስገባም፣ እንዲሁ ከተዘራ አብዛኛው ተኝቶ ይቀራል። ውኃ አፍልቼ ከእሳት አወረድኩ፣ ትንሽ ፋታ ሰጥቼ ዘሩ ላይ አፈሰስኩ፣ እዚያው እየቀዘቀዘ አደረ። በማግስቱ ያበጠውን በችግኝ ፕላስቲክ ዘራሁ፤ ያላበጠውን ደግሞ ያንኑ ደገምኩበት። በጥር ከተዘራ ለሐምሌ ዝናብ ይደርሳል።

ሲተከል በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ነው። ክትክታ የሚጠላው ውኃ የተኛበት መሬት ነውና መረሬ ባለበት ጥግ ቦይ አውጥቼ አፈሩን ከፍ አደረግሁ። በመጀመሪያው በጋ አልፎ አልፎ አጠጣሁት፣ ከዚያ ተውኩት። በየቀኑ ካልጠጣ ይሞታል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ አትስሙት።

አጥር ለማድረግ ገና ለጋ ሳለ ጫፉን መቁረጥ ነው፣ ከሥር ጀምሮ ቅርንጫፍ ያበዛል። ነገር ግን አበባውም ፍሬውም የሚወጣው ከጫፍ ነው፤ ሁሌ የተከረከመ ክትክታ ያን ቀይ ፍሬ አያሳይም። ስለዚህ የመንገዱን ወገን እከረክማለሁ፣ የውስጡን እለቀዋለሁ። ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሆነ ከተለቀቀውም የማያፈራ ይኖራል። በችግኝነቱ መለየት አይቻልም፤ ለፍሬው ሲባል ጠጋ ጠጋ አድርጎ ማብዛት ይሻላል።

አስፋልት ዳር ያለው አቧራ ይይዛል፣ ቅጠሉ ሙጫማ ነውና። ዝናብ ሲጥል ይጸዳል፣ አላሳሰበኝም። ቡና የሚፈላበት ጥግ ግን አላስጠጋሁትም፤ ፍም ከነካው ለምለሙም ይያያዛል። እዚያ እሬት ተከልን።