ጄኔሬተር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ምን እንደምትሰኩበት ንገሩኝ

ከመብራት መስመር ርቄ ነው የምኖረው። ይህን የሚያውቅ ወዳጅ ሁሉ ለካምፒንግ ወይም ለገጠር ቤት ጄኔሬተር ሊገዛ ሲያስብ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንት ኪሎዋት ይሻለኛል?» እኔም «ምን ልትሰካበት ነው?» እለዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። አላሰበበትማ።

አቋሜን ልናገርና ልገላገል፦ አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ጄኔሬተር ይገዛል። ከዚያ ነዳጁን፣ ክብደቱንና ጩኸቱን ተሸክሞ ይኖራል።

ወረቀት አምጡና የምትሰኩትን ጻፉ። አራት ኤልኢዲ አምፖል፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ ቢደመሩ 150 ዋት እንኳ አይሞሉም። ትንሽ ፍሪጅ ሲሠራ 100 ዋት አካባቢ ነው። ዝርዝሩን የሚያበላሹት ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው። የውሃ ማፍያ ብቻውን 2000 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ካውያም፣ ምድጃም እንደዚያው። እነዚህን ሰርዟቸው፤ በጋዝ ይሠሩ። ቤንዚን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨት፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ መልሶ ሙቀት ማድረግ ነዳጅ ማባከን ነው። እህቴ ግን ልትጠይቀኝ ስትመጣ 1800 ዋት የሚበላውን የጸጉር ማድረቂያዋን ይዛ ነው የምትመጣው። እስካሁን አልተስማማንም።

ሙቀት ከዝርዝሩ ከወጣ የሚያስቸግረው ሞተር ያለው ዕቃ ነው። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሲነሱ ለአንድ አፍታ ከመደበኛው ሁለት ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባሉ። የኔ ፓምፕ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ነው። ያ በዋት 370 ያህል ቢሆንም ፓምፑ የሚሰጠው ጉልበት እንጂ የሚበላው አይደለም። የሚበላው ከዚያ ይበልጣል፣ ሲነሳማ አይጣል ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሬን የመረጥኩት በፓምፑ ልክ ነው። ዘዴውም ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ፓምፑን አስነሳለሁ፣ ሲረጋጋ ሌላውን እሰካለሁ።

ጄኔሬተሩ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል ነው። ለምሳሌ ሆንዳ ኢዩ2200አይ የሚባለው በከፍተኛው 2200 ዋት ይሰጣል፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግን 1800 ነው። እናንተ የምትኖሩት በሁለተኛው ቁጥር ነው። ቦታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። 2400 ሜትር ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ተራው ጄኔሬተር አንድ አምፖል ሰካችሁበትም አስር፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ወይም 3600 ዙር መሽከርከር አለበት። ካልሆነ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ 50 ወይም 60 ኸርዝ ላይ አይጠብቅም። ኢንቨርተር የሚባለው ግን ያመነጨውን ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ) ይቀይርና በኤሌክትሮኒክስ መልሶ ኤሲ (የቤት ሶኬት የሚሰጠው ዓይነት) ያደርገዋል። የሞተሩ ፍጥነት ከኸርዙ ጋር ስላልተሳሰረ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ዝግ ይላል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ የሚሰጠው ኤሌክትሪክም ለላፕቶፕ የተመቸ ነው። ዋጋው ይበልጣል፤ ቢሆንም እኔ ያለ ኢንቨርተር አልገዛም። ቀኑን ሙሉ መጋዝና መቦርቦሪያ ለሚያሠራ ሰው ግን ተራው ይበቃዋል፤ እሱ ራሱ ከጄኔሬተሩ በላይ ይጮኻል።

ካርቶኑ ላይ በዴሲቤል የተጻፈውን የጩኸት መጠን ስታነቡ በስንት ሜትር ርቀትና በምን ያህል ጭነት እንደተለካ እዩ። ብዙ ጊዜ 7 ሜትር ላይ፣ በሩብ ጭነት ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ረዘም ያለና ወፈር ያለ ገመድ ግዙ። ቀጭን ገመድ ረጅም ሲሆን ቮልቴጁን ይበላል፣ ይግላልም።

ርቀቱ ለጆሮ ብቻ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ድንኳን ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይነሳም። መስኮት መክፈት አያድንም። ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ከመኝታችሁ በተቃራኒ ይዙር። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ዝናብ ከመጣም ጥላ ውጭ ይሠራለታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ሌሊት እኔ ጄኔሬተር አላስነሳም። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲሠራ ፓምፑ ታንከሩን ይሞላል፣ ባትሪውም ይሞላል። ከዚያ እስኪነጋ መብራቱና ስልኩ በባትሪ ነው። ትልቅ ጄኔሬተር ያላስፈለገኝም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ብዙ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ላይ ያለው የ12 ቮልት መውጫ 8 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትልቅ ባትሪ በሱ ለመሙላት ቀኑ አይበቃም። ጥሩ ቻርጀር ግዙና በኤሲው ሶኬት ሙሉ።

ክብደትን ንቃችሁ አትለፉ። ከላይ የጠቀስኩት ሆንዳ 21 ኪሎ አካባቢ ነው፤ አንድ ሰው ከመኪና ያወርደዋል። ከ40 ኪሎ ካለፈ ረዳት ያስፈልጋል፣ ረዳቱ ደግሞ ሁሌ አይገኝም።

ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ ለወራት ከተቀመጠ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል። ረዘም ላለ ጊዜ ከማስቀመጤ በፊት የነዳጁን መዝጊያ ዘግቼ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠራዋለሁ። አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ ዘይቱን ቀይሩ፤ የሚወጣውን ዘይት ቀለም ስታዩ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲያስነሳላችሁ ጠይቁ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት ይኖረዋል። ሲነሳ አንድ አምፖልና አንድ ከባድ ዕቃ አብራችሁ ሰኩ። አምፖሉ ለአፍታ ደብዘዝ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። መርገብገቡን ካላቆመ ግን አመስግናችሁ ሂዱ።