ከመስቀል በፊት በዱቡሻ

መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው መወርወሪያ ሲወረውሩ የከረሙ የጋሞ ሸማኔዎች በዚህ ሰሞን አገራቸው ይገባሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ለእናቱ የሠራውን ጋቢ በላስቲክ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ እንደያዘ ወላይታ ሶዶ ደረስን። ምሳ በልተን ስንመለስ ጨዋታ ጀመረ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው ያለፈውን መስቀል ለየብቻ እንደበሉ፣ ዘንድሮ ግን ሽማግሌዎች ቀን እንደቆረጡላቸው ነገረኝ።

"ቂም ይዞ የመስቀል ሥጋ መብላት እኛ ጋ ነውር ነው። አምና ግን በላን። ከዚያ በኋላ የእኔ ላም ጨነገፈች፤ የእሱ ልጅ ታሞ ከረመ" አለኝ።

እኔም ወደዚያ የምሄደው ለዚሁ ጉዳይ መሆኑን ስነግረው "እንግዲያው ከእኛ ጋር ትውላለህ" ብሎ ጋበዘኝ።

ጉዳዬ ከቆየ ጥያቄ የመጣ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞና የሌሎች የደቡብ ብሔረሰቦች ተወላጆች ተገደሉ፣ ንብረታቸው ተዘረፈ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትም ተፈናቀሉ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ የከተማው ወጣት ለበቀል ወጣ። ቁጣው በከተማው በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊያርፍ ሲል የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጣቱ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ፎቶግራፉን ብዙ ኢትዮጵያዊ አይቶታል፤ ብዙዎቻችንም አልቅሰንበታል። እኔ ግን ከእንባው በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖረ። በእነዚያ ሽማግሌዎች እጅ መሣሪያ አልነበረም። ወጣቶቹ በቁጥር ይበልጣሉ፣ በጉልበትም ይበልጣሉ፣ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነው። አልፈዋቸው ቢሄዱ የሚያግዳቸው አልነበረም። ምን መለሳቸው?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ወርጄ አደርኩና በማግስቱ ወደ ደጋው ወጣሁ። ቼንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም መንገዱ ሌላ አገር ያደርሳል። ሙዝና ማንጎው ከታች ይቀራል፤ ወደ ኋላ ሲመለከቱ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታያል። ከዚያ እንሰቱና ቀርከሃው ይጀምራል፣ ጉሙም ይከተላል። ዶርዜ ስደርስ ጋቢ ያስፈልግ ነበር።

ዱቡሻ የሚባለው የጉባኤ ሜዳ ነው። አጥር የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች፣ ለመቀመጫ የተደረደሩ ድንጋዮችና አጭር ሣር ብቻ። በጋሞ ደጋ ያሉት፣ ደሬ የሚባሉት ማኅበረሰቦች የየራሳቸው ዱቡሻ አላቸው። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክረውም፣ ሀለቃ የሚባለው የሥርዓቱ መሪ የሚሾመውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነው። ጓደኛዬ ያስተዋወቀኝ የአካባቢው መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ያስተረጉምልኝ ነበር። ጉባኤው በምርቃት ተከፈተ። አንድ አባት ቆመው ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለሕፃናቱ፣ ለአገሩ ሰላም መረቁ፤ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ምርቃቱ ረጅም ነው። በከተማ ስብሰባ ብንሆን ወደ አጀንዳው እንግባ የሚል አይጠፋም ነበር፤ እዚያ ግን ምርቃቱ ራሱ የአጀንዳው ግማሽ ነው። የሚነገረው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እንደሚነገር አስቀድሞ ለሁሉም ተነግሯል።

የአውቶቡሱ ጓደኛዬ ተራው ሲደርስ ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ ድንበሩ እንዴት እንደተገፋ፣ ስንት እርምጃ እንደተወሰደበት ተናገረ። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የቀረ አለ" አሉና አስቀመጡት። ታላቅየው ተነሣ፤ እሱም ስለ ድንበሩ ተናገረ። "የቀረ አለ" ተባለ። እንደገና ታናሽየው ተነሣ። አሁን ድምፁ ተለውጦ ነበር። አባቱ ሲታመሙ ማንም እንዳልላከበት፣ አዲስ አበባ ሆኖ የሰማው ከተቀበሩ በኋላ መሆኑን ተናገረ። ሜዳው ፀጥ አለ። ታላቅየው ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ "አውቄ ነው ያልላክሁበት። መጥቶ አባታችን በሕይወት እያለ መሬት እንዳይጠይቅ ፈርቼ ነው" አለ።

"የቀረ አለ" የሚል አልተሰማም።

ታላቅየው ሣር ነቅሎ በሁለት እጁ ይዞ በወንድሙ ፊት ተንበረከከ። ታናሽየው ወዲያው አላነሣውም፤ ሽማግሌዎቹም አላጣደፉትም። ሲያነሣው ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መሬቱ የሄድነው። ሽማግሌዎቹ ድንበሩን በእግራቸው ለክተው ድንጋዮቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሱ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሁለት ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ የተኳረፉበት መሬት ሁለት ላም ጎን ለጎን አያስተኛም።

ማታ፣ "የቀረ አለ" ይሉ የነበሩትን አባት ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው።

"አባቴ፣ የቀረ ነገር እንዳለ በምን ያውቃሉ?"

"አላውቅም። እሱ ያውቃል። እኔ የማደርገው አትቸኩል ማለት ብቻ ነው።"

"ቢዋሽስ?"

"ለእኛ ቢዋሽ እኛ ምን እንሆናለን፣ ልጄ? የሰማነው እኛ ብቻ አይደለንም። መሬቱ ሰምቷል፣ እግዚአብሔር ሰምቷል። ጎሜው በራሱ ላይ፣ በልጆቹ ላይ፣ በእኛም ላይ ይወድቃል።"

ጋሞዎች ወጋ የሚሉት ከአባት የተወረሰ ሥርዓት አላቸው፤ ወጋው ሲፈርስ የሚመጣው ነውርና መዘዙ ጎሜ ይባላል። ድንበር መግፋት፣ መዋሸት፣ ታላቅን መዳፈር፣ ደም ማፍሰስ ሁሉ ጎሜ ነው። መዘዙ በበዳዩ ላይ አያበቃም፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይመክናል፣ ልጅ ይታመማል። ስለዚህ የአንድ ሰው በደል የሁሉም ጉዳይ ነው፤ በደሉ ተደብቆ እንዳይኖርም ሁሉም ይፈልጋል። መውጫው ደግሞ አንድ ነው፤ እውነቱን በሰው ፊት አውጥቶ መታረቅ። በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ የሆነው እዚህ ተቀምጬ ገባኝ። እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ አባቶችን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። እነዚያ ወጣቶች የተመለሱት ለሽበት ከነበራቸው ክብር በላይ፣ ሊረግጡት የማይችሉት ቅዱስ ነገር መንገዱ ላይ ስላዩ ነው።

ያደግሁት በሰሜን ነው። እኛም ጋ ገዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይወድቃል፤ ሽማግሌና ካህን በመካከል ገብተው ደም ያደርቃሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ የዱቡሻው ነገር ባዕድ አልሆነብኝም። የሚያሳዝነኝ በከተማ የቀረን የእርቅ ዓይነት ነው፤ "ለሽማግሌ ክብር ስትሉ ተሳሳሙ" ተብሎ፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይነገር፣ ምሳ ተበልቶ የሚበተንበት። እንደዚያ ያለው እርቅ ተበዳዩን ሁለተኛ ጊዜ ይበድለዋል። ዱቡሻ ላይ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይቅርታው የመጣው ከእውነቱ በኋላ ነው፤ እውነቱን ያወጣው ደግሞ ከሰው በላይ የሚሰማ አለ የሚለው እምነት ነው።

እምነቱ ራሱ ግን ዛሬ ያከራክራል። በጋሞ ደጋ የኦርቶዶክስ ክርስትና ከቆየ ብዙ ዘመን ነው፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ተስፋፍተዋል። ከምእመናኑ ብዙዎቹ የቀድሞውን የእንስሳ መሥዋዕት ትተዋል፤ በዚህም ምክንያት ዱቡሻ የማይቀመጡ አሉ። ያነጋገርኳቸው አንድ ወንጌላዊ አማኝ አባት ግን ይቀመጣሉ። "መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው በእኔ መጽሐፍ ነው ያለው" አሉኝ። በሚታረድበት ቀን አይሄዱም፤ ሣር ተይዞ በሚለመንበት ቀን አይቀሩም። መፍትሔያቸው ለሁሉም አይሆን ይሆናል፤ እኔ ግን ወደድኩት።

ያልወደድኩትም አለ። ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁት ወገኖች በቀድሞው ሥርዓት ዱቡሻ ላይ እንደ ሌላው እኩል አይቀመጡም ነበር፤ መገለላቸው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ሴቶችም እንዲሁ። ያደርኩበት ቤት እመቤት ቡና እየቆሉ "የእኔን ጉዳይ ዱቡሻ ላይ የሚናገረው ባለቤቴ ነው። ጉዳዬ ከእሱ ጋር ሲሆንስ ማን ይናገርልኝ?" አሉኝ። መምህሩ ሊመልስላቸው ሞክሮ ተወው። እግዚአብሔር ሁሉን ይሰማል በሚባልበት ሜዳ ላይ ግማሹ ሕዝብ የማይናገር ከሆነ የቀረው እውነት ብዙ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ የሚዳኙት በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ነው ይላል። መናገር ያልተፈቀደላት ሴት ፈቃዷ በምን ይታወቃል?

ከዶርዜ ከመውረዴ በፊት መምህሩ ወደ አንድ ሸማኔ ወሰደኝ። ሰውየው ዱንጉዛ የሚባለውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የጋሞ ሸማ እየሠራ ነበር። ለሰላምታ እንኳ መወርወሪያውን አላስቀመጠም፤ ስሙን ሳይሆን ቡራዩን ስጠራ ነው ያቆመው። በ2011 ዕቃውን፣ ያለቀ ሸማውን፣ ቤቱን አጥቷል። የአርባ ምንጭ አባቶች ሲንበረከኩ እሱ አዲስ አበባ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ትምህርት ቤት ተጠልሎ ነበር።

"ልክ አደረጉ። ሌላ እናት ብታለቅስ የእኔ ልቅሶ አይቀንስም" አለኝ። "እኔ ግን ገና አልታረቅሁም። ይቅር በል ይሉኛል። ማንን? የመጣ ሰው የለም እኮ። ዕቃዬን ካወጡት አንዱ ጎረቤቴ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሣው ወንድሜ ነው።"

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ ማጽደቁን፣ በፖሊሲው ውስጥ ክስም፣ እውነት ማፈላለግም፣ ካሳም፣ ባህላዊ የፍትህ ሥርዓቶችም እንዳሉ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ።

"ጎረቤቴ ይጠራል?"

"መጠራት አለበት ብዬ አምናለሁ።"

"ከጠሩት እኔም እሄዳለሁ። ካሳው ቢዘገይ ግድ የለኝም። ግን ሽማግሌ ይኑርበት። ዳኛ ብቻ ከሆነ ያ ሰው የተጠየቀውን መልሶ ይሄዳል፤ የቀረ አለ ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው ያስፈልጋል።"