አባቴ የሁለት ከተማ እድርተኛ ሆነ

የአባቴ መሥሪያ ቤት ወደ ሆሳዕና ከተዛወረ ወዲህ፣ ሐዋሳ ያለው ቤታችን የሚሞላው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አርብ ማታ በሻሸመኔ በኩል ይመጣል። እሁድ ከምሳ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

እናቴ ሲዳማ ናት፣ አባቴ ከምባታ። ልጅ ሆኜ የየት አገር ልጅ ነህ ስባል «የደቡብ» ብዬ እገላገል ነበር። ከ50 በላይ ብሔረሰብ የያዘ ክልል ስለነበር ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ አልነበረም። የቀበሌ መታወቂያ ሳወጣ ግን ብሔር በሚለው ቦታ አንዱን ምረጥ ተባልኩ። የአባቴን አስጻፍኩ። እናቴ ምንም አላለችም፤ እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል እንዲሆን ድምፅ ሲሰጥ፣ እናቴ ሳይነጋ ነው ሰልፍ የያዘችው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በዚሁ ጥያቄ ሰበብ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ውጤቱ 98.5 በመቶ ሲባል ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ከልቤ ተደስቻለሁ። ስንት ዓመት የተጠየቀ ጥያቄ ነው!

ሌሎቹም ተከተሉ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። መሥሪያ ቤቶቹ ከሐዋሳ ወደ አዲሶቹ ክልሎች ሲዛወሩ፣ እኛ ሰፈር አይሱዙ ሲጫን ከረመ። ሶፋ፣ ቡፌ፣ በገመድ የታሰረ ፍሪጅ። አንዱ ወደ ሶዶ፣ አንዱ ወደ አርባ ምንጭ። ልጅ የሚያስተምር ደግሞ ቤተሰቡን እዚሁ ትቶ ብቻውን ሄደ፤ እንደ አባቴ።

ስለ ንብረትና ስለ ሠራተኛ ክፍፍል ብዙ ተወርቷል። እናትና አባቱ ከሁለት ክልል ስለሆኑበት ቤት ሲወራ ግን አልሰማሁም። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ክልል መሆን መብት ነው፤ እንደኛ ያለው ቤተሰብም ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ባለፈው እሁድ የእድራችን ጸሐፊ ቤት መጡ። «ጋሼ፣ እዚያም እድር ገብተዋል አሉ። የኛን ሊያቋርጡ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እዚያ የገባሁት የሥራ ባልደረቦቼ ሲያዝኑ ዝም ብዬ ማየት ስለከበደኝ ነው። እኔን የምትቀብሩኝ እናንተ ናችሁ» አለና የዓመቱን በአንዴ ከፈለ።

እናቴ ወጪው በዝቷል ብላ አጉረመረመች። እውነቷን ነው፣ የቤት ኪራይ እዚያ፣ አስቤዛ ሁለት ቦታ። ጡረታ እስኪወጣ ግን ሁለቱንም እንደሚከፍል ቁርጡን ነግሯታል።