ያሳጠርኩት ምስክርነት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሲቪልና ወታደራዊ ግንኙነት የሥልጠና ሰነድ በሚያዘጋጅ አንድ ተቋም ውስጥ በአርታኢነት እሠራ ነበር። ሰነዱ የታሰበው በአንድ በኩል የመከላከያ ዕቅድና በጀት ለሚመረምሩ ሲቪል ባለሙያዎች፣ በሌላ በኩል ለመካከለኛ መኮንኖች ሲሆን፣ ለእኔ የደረሰኝ ከ1953 እስከ 1983 ዓ.ም. ስለዘለቀው የኤርትራ ጦርነት የሚናገረው ምዕራፍ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተጀምሮ ለደርግ የተላለፈን የሠላሳ ዓመት ጦርነት በጥቂት ገጾች መጠቅለል ከባድ ስለነበር፣ ምዕራፉን በአንድ ሰው ምስክርነት ዙሪያ ለማዋቀር ወሰንን።

ምስክራችን በሰሜን ግንባር በመገናኛ መኮንንነት ያገለገሉ የቀድሞው ሠራዊት ሻለቃ ነበሩ። የመገናኛ ሰው መምረጣችን ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ አዛዥ የሚያውቀው የራሱን ትእዛዝ ነው፣ መልእክት የሚያስተላልፍ መኮንን ግን ወደ ላይ የሚወጣውንም ወደ ታች የሚወርደውንም ያያል። ሻለቃ ሦስት ከሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ እኔም ድምፃቸውን ቀርጬ ቃል በቃል ገለበጥኩት።

ከነገሩኝ ሁሉ የከበደው ስለ ሦስትዮሹ አመራር የተናገሩት ነው። ደርግ ወደ ሶቪየት ኅብረት ካዘነበለ በኋላ በሠራዊቱ ውስጥ አዛዡ ብቻውን አዛዥ መሆኑ ቀርቶ፣ ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት መኮንን ተቀምጠው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ለየራሳቸው የበላይ አካል ሪፖርት ያደርጋሉ። ሻለቃ እንደነገሩኝ፣ በናቅፋ ግንባር በነበሩበት ጊዜ አንድ ሌሊት ከአንድ ምሽግ የተጻፉ ሁለት መልእክቶች እጃቸው ገቡ። የአዛዡ መልእክት፣ ወታደሩ ዕረፍት ሳያገኝ ዓመታት እንደቆጠረ፣ ውኃ በበቂ እንደማይደርስ፣ የተዘረጋውም መስመር ካለው ኃይል ጋር እንደማይመጣጠን ገልጾ፣ ወደ ኋላ ተስቦ አጠር ባለ መስመር ለመከላከል ፈቃድ ይጠይቃል። የኮሚሳሩ መልእክት የሠራዊቱ ሞራል ከፍተኛ መሆኑን፣ ክፍሉም ለሚሰጠው ማንኛውም ግዳጅ ዝግጁ መሆኑን ይገልጻል። ሻለቃ ሁለቱንም በኮድ ቀይረው ላኩ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ምላሽ ለኮሚሳሩ መልእክት የተጻፈ ምስጋና ነበር፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ዕረፍቱም ሆነ ስለ መስመሩ አንድ ቃል አልነበረበትም።

ይህ ታሪክ ከነዝርዝሩ አራት ገጽ ያዘ። እኔም ምዕራፉ ረዘመብኝ፣ የማስረከቢያ ቀኑም ደረሰብኝ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰነዱን የሚያነቡት መኮንኖች ቅር እንዳይሰኙ ሰጋሁ። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ ማንም አልነበረም። አራቱን ገጽ አንስቼ በቦታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ «በዕዝ ሰንሰለቱ ውስጥ የመረጃ ፍሰት ክፍተት ይስተዋል ነበር።» ከእሱም ቀጥዬ፣ ከጦርነቱ የሚወሰደው ትምህርት የመገናኛ ሥርዓትን ማጠናከር ነው ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብቦ ምዕራፉ የተመጠነ ነው አለኝ፤ ደስ አለኝ።

በደንባችን መሠረት ረቂቁን ለምስክሩ አሳይተን ማረጋገጫ መቀበል ነበረብን። ሻለቃ ረቂቁን ይዘው ከሳምንት በኋላ ቢሮ መጡ። በእርሳስ ያሰመሩበት ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ ትክክል አይደለም» አሉኝ። ያሳጠርኩባቸው መስሎኝ ስለ ገጽ ብዛት ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። «ስለ ማሳጠሩ አይደለም። ክፍተት አልነበረም ነው የምልሽ። መልእክቱን የላኩት እኔ ነኝ፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምላሽም ተቀብያለሁ። ሬዲዮው ይሠራ ነበር፣ ሰዎቹም ይሠሩ ነበር። ያልደረሰ ነገር የለም።»

ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ረጅሙን ነገር ያሳጠረ ብቻ መስሎኝ ነበር እንጂ ምክንያቱን እንደለወጠ አላስተዋልኩም። መረጃው ሳይደርስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው በእርግጥም የተሻለ መገናኛ ይሆን ነበር። መረጃው ደርሶ ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የደረሰውን እውነት ለመስማት ያልፈቀደው ማን ነው፣ ያን መንገር ምን ያስከፍልስ ነበር?

ምን ያስከፍል እንደነበር ደግሞ የታወቀ ነው። በናቅፋ ግንባር የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ዓ.ም. በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። በቀጣዩ ወር፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ የዕዙ መቀመጫ የነበረችው አፍአበት በጥቂት ቀናት ውጊያ በሻዕቢያ ተያዘች፤ ሶቪየታውያን አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው የሚሾም አዛዥ የሌሊት መልእክቱን ሲጽፍ የትኛውን ቃል እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። ጄኔራሎቹ በመጨረሻ በሌላ መንገድ ሊናገሩ ሞከሩ፤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። ከመሪዎቹ ገሚሶቹ በዚያው ሰሞን ሞቱ፣ አሥራ ሁለት ጄኔራሎችም በግንቦት 1982 ዓ.ም. ተረሸኑ፤ በመሀሉ፣ የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ፣ ምጽዋ ወድቃ ነበር። ሠራዊቱ በጦር ሜዳ ከጠላት ሳይሸነፍ በፊት ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን በገዛ መንግሥቱ እጅ አጥቷል ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ሲቪሎች ወታደሩን ስላልተረዱት ነው እንዳይባል፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ራሳቸው ከጦር ክፍሎች ተመርጠው የመጡ መኮንኖችና ወታደሮች ነበሩ፤ ሊቀ መንበሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ሻለቃ ሆነው ጀምረው ሌተና ኮሎኔል የደረሱ ሰው ናቸው። ምሽግ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ይህን ሳስብ የምዕራፉ መግቢያም አላረካኝ አለ። መግቢያው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን መደንገጉን ጠቅሶ ጉዳዩ ያለቀለት አስመስሎት ነበር። ድንጋጌው አስፈላጊ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ሻለቃ ረቂቁን እየመለሱልኝ፣ «ሚኒስትሩ ሲቪል መሆኑ መልካም ነው፤ ሌሊት የሚመጣውን መልእክት ሳያሳምር የሚያነብለት ማን እንደሆነ ግን አልጻፍሽም» ያሉኝ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኃላፊዬን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሱም ያለ ምክንያት አልተቃወመም፤ ሰልጣኞቹ ቁጭታቸውን ይዘው ወደ ክርክር ይገባሉ፣ ትምህርቱም ይቀራል የሚል ስጋት ነበረው። በመጨረሻ አራቱን ገጽ መለስን፣ ስለ መገናኛ ሥርዓት የጻፍኩትን ምክር አወጣን፣ በቦታው አንድ የቡድን ልምምድ አስገባን። ሰልጣኞች ሁለቱን መልእክቶች የላኪዎቹ ማንነት ሳይገለጽላቸው ይቀበላሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለበላይ ማቅረብ ቢችሉ የትኛውን እንደሚመርጡ ከነምክንያቱ ጽፈው ያቀርባሉ።

በመጀመሪያው ዙር ሻለቃን ጋብዘናቸው ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር። ከመኮንኖቹ የሚበዙት የመጀመሪያውን መልእክት መረጡ። ከሲቪል ባለሙያዎቹ ቡድኖች አንዱ ግን ሁለተኛውን መረጠ፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ምክንያት፣ መልእክቱ አጭርና ግልጽ መሆኑ፣ የበላይ አካሉንም አዲስ ውሳኔና ተጨማሪ ወጪ አለመጠየቁ ነበር። ቡድኑን የመሩት ባለሙያ በትጋታቸው የማከብራቸው ሴት ናቸው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እጽፍ እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ጽፌውም ነበር። ከምሳ በኋላ የላኪዎቹ ማንነት ሲገለጽና ሻለቃ ቀሪውን ሲተርኩ፣ ባለሙያዋ እጃቸውን አውጥተው መልሳቸውን ለመቀየር ፈቃድ ጠየቁ።

ሻለቃ፣ «አይቀየር፤ ሁለተኛውን ከሥሩ ይጻፉት» አሏቸው። ቡድኑ ፈቅዶ ሁለቱም መልሶች፣ የጠዋቱም የከሰዓቱም፣ በሰነዱ ቀጣይ እትም ከመልእክቶቹ ጎን ታትመዋል።